ዩርት ሠርቶ መኖር፦ ከመብራትና ከውሃ መስመር ውጭ ለሚቆም ክብ ቤት ዝርዝር መመሪያ

ዩርት ልሠራ ነው የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ነፋስ ነው፤ "አይነቅለውም?" ይለኛል። ቀጥሎ ስለ ብርድ። እኔም ስጀምር ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር። ኖሬ ካየሁት በኋላ ግን የዚህ ቤት ዋና ባላጋራ ውሃ መሆኑ ገብቶኛል። ከሰማይ የሚወርደው ብቻ አይደለም። ወለሉ ጠርዝ ላይ አርፎ ወደ ውስጥ የሚሳበው፣ ከራሳችን ትንፋሽ ወጥቶ ሸራው ላይ ላብ የሚሆነው፣ በጭስ ማውጫው ቀዳዳ ሰርስሮ የሚገባውም አለ። ስለዚህ ከታች ያለውን እያንዳንዱን ሥራ ስትጀምሩ "እዚህ ጋ ውሃው ወዴት ይሄዳል?" ብላችሁ ጠይቁ።

ቤቱ እንዴት እንደሚቆም

ዩርት የመካከለኛው እስያ አርብቶ አደሮች ቤት ነው። ሞንጎሎች ጌር፣ ካዛኮች ኪዪዝ ዩይ፣ ኪርጊዞች ቦዝ ዩይ ይሉታል። ዩኔስኮ የሞንጎሎቹን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2013፣ የካዛኮቹንና የኪርጊዞቹን ደግሞ በ2014 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። የኪርጊዝስታን ባንዲራ መሃል ላይ የሚታየው ክብ ምልክትም የዩርት ጣሪያ አናት ነው፤ ወለሉ ላይ በጀርባችሁ ተኝታችሁ ሽቅብ ስታዩት የሚታየው ማለት ነው።

ዋና ክፍሎቹ አራት ናቸው። የሚታጠፍና የሚዘረጋ የእንጨት ፍርግርግ ግድግዳ አለ። ከግድግዳው ጫፍ ተነስተው ሽቅብ የሚሄዱ ወራጆች አሉ። ወራጆቹ የሚሰኩበት የአናት ቀለበት አለ። አራተኛው ሰው ልብ የማይለው ነገር ግን ቤቱን የሚያቆመው መቀነቱ ነው። ጣሪያው በክብደቱ ወደ ታች ሲጫን ወራጆቹ የግድግዳውን አናት ወደ ውጭ ይገፉታል። ግድግዳው እንዳይበረገድ የሚይዘው ዙሪያውን የታሰረው መቀነት ብቻ ነው። መቀነቱ ከተፈታ ፍርግርጉ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ቤቱ እንደ አበባ ተከፍቶ መሬት ላይ ይነጠፋል።

በሞንጎሎቹ ጌር ወራጆቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ከባዱን ቀለበት ሁለት ምሰሶዎች ይደግፉታል። የካዛኮቹና የኪርጊዞቹ ወራጆች እታች ጎበጥ ያሉ ሲሆኑ ጣሪያቸው የበለጠ የቆመ ነው፤ ምሰሶም የለውም። እዚህ የምገልጸው ሦስተኛውን፣ ዘመናዊውን ዓይነት ነው። ወራጁ ቀጥ ያለ፣ ምሰሶ የሌለው፣ መቀነቱ የብረት ገመድ፣ ልባሱ ሸራ የሆነ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ወለል ላይ የሚቆም። ከቦታ ቦታ ለመጫን ምቹ አይደለም፣ ለመኖር ግን ይሻላል።

1. ቦታ

ፈቃዱን አስቀድሙ። ዩርት በሕግ ፊት ድንኳን ይሁን መኖሪያ ቤት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ምድጃና መጸዳጃ ሲገባበት ደግሞ መልሱ ብዙ ጊዜ ይለወጣል።

ቦታውን ለመምረጥ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ሂዱና ቁሙበት። ውሃ ያቆረበትን፣ ጎርፍ የሄደበትን፣ ጫማ የሚይዘውን ጭቃ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ትንሽ ተዳፋት ያለው ከፍ ያለ ቦታ ጥሩ ነው። ጎድጓዳ ቦታ ቀዝቃዛ አየርና ጉም ይተኛበታል። ከዛፍ ሥር አትሥሩ። ጥላው ሸራው ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል፣ ቅጠሉ ይበሰብስበታል፣ ቅርንጫፉም አንድ ቀን ይወድቃል። በሩን ዘወትር ነፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫ በተቃራኒው አድርጉት። ሞንጎሎች በራቸውን ወደ ደቡብ ያደርጋሉ፤ እነሱ ባሉበት የምድር ክፍል ፀሐይዋም ያለችው በዚያ በኩል ነው።

2. ልክ

ለሁለት ሰው 5 ሜትር ስፋት በቂ ነው። ትልቅ የመሥራት ፈተና አለ፤ ግን ስፋቱ በጨመረ ቁጥር ወራጁ ይረዝማል፣ ይወፍራል፣ የሚሞቀው አየርም ይበዛል። የ5 ሜትሩ ስሌት እንዲህ ነው፦

ዙሪያው 15.7 ሜትር፣ የወለሉ ስፋት 19.6 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለበር 90 ሴንቲ ሜትር ስንተው ለፍርግርጉ 14.8 ሜትር ይቀራል። በፍርግርጉ ጣውላ ላይ ቀዳዳዎቹን በ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ብንበሳና ጣውላዎቹ በ90 ዲግሪ እንዲቆራረጡ አድርገን ብንዘረጋው፣ ከአንዱ የላይኛው መስቀለኛ እስከሚቀጥለው 35.4 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ስለዚህ 42 መስቀለኛ፣ በእያንዳንዳቸውም ላይ አንድ ወራጅ። ከበሩ ጉበን በላይ ሁለት ስንጨምር በጠቅላላው 44 ወራጅ ይሆናል።

የአናት ቀለበቱ የውጭ ስፋት 1.20 ሜትር ይሁን። ከግድግዳ እስከ ቀለበቱ አግድም ርቀቱ 1.90 ሜትር ነው። ጣሪያው በ30 ዲግሪ ሲያጋድል 1.10 ሜትር ከፍ ይላል፣ ወራጁም 2.19 ሜትር ይረዝማል። ቀለበቱ ውስጥ ለሚሰካው ጨምራችሁ 2.25 ሜትር ቁረጡ። ከ30 ዲግሪ በታች አትውረዱ፤ ጣሪያው በተኛ ቁጥር ውሃው ይዘገያል፣ መቀነቱ ላይ የሚያርፈው ግፊትም ይጨምራል።

3. ወለሉ፣ እኔ የተሳሳትኩበት

የመጀመሪያውን ወለል የሠራሁት አራት ማዕዘን አድርጌ ነው። ክብ መቁረጥ ስለሰለቸኝ፣ ማዕዘኖቹም እንደ በረንዳ ያገለግላሉ ብዬ። መጀመሪያ በዘነበ ሌሊት ከጣሪያው የወረደው ውሃ ማዕዘኖቹ ላይ አረፈ፤ ጣውላው ላይ ተንሸራቶ በግድግዳው ሥር ወደ ውስጥ ገባ። ጠዋት ምንጣፉን ስረግጥ እንደ ስፖንጅ ጭ-ጭ አለ። በኋላ በመጋዝ ዙሪያውን ስቆርጠው ዋልኩ።

ስለዚህ ወለሉ የዩርቱን ያህል ብቻ፣ በትክክል 5 ሜትር ክብ ይሁን። የግድግዳው ሸራ ከወለሉ ጠርዝ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይውረድ። ውሃው በሸራው ላይ ወርዶ ቀጥታ መሬት ላይ ይንጠባጠባል፤ ወለሉን አይነካም። በረንዳ ከፈለጋችሁ በበሩ በኩል ለብቻው፣ ከዋናው ወለል ዝቅ አድርጋችሁ ሥሩት።

ወለሉ ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ይህን ያህል ክፍተት አየር ያሳልፋል፣ ስትጠግኑም ከሥሩ ገብታችሁ መሥራት ትችላላችሁ። በየ1.5 ሜትሩ መሠረት፣ በላዩ ዋና ተሸካሚ፣ በዚያ ላይ 5 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንጨት በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ደርድሩ። በእንጨቶቹ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር የብርድ መከላከያ ሙሉበት፤ ከሥር ደግሞ አይጥ የማያሳልፍ የሽቦ መረብ ምቱበት። መረቡን የዘለለ ሰው አይጥ መከላከያውን ጎጆ ስታደርገው ያያል። ከላይ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ወይም ጣውላ አንጥፉ።

ክቡን ለማስመር መሃል ላይ ሚስማር ምቱ፤ የማይሳብ ሽቦ በ2.50 ሜትር ላይ እርሳስ አስራችሁ አዙሩ። ገመድ አትጠቀሙ፤ ይለጠጥና ክቡ እንቁላል ይሆናል።

4. ፍርግርጉ

ለፍርግርጉ ወፍራሙ ሳይሆን ጭረቱ ቀጥ ያለና አንጓ የሌለው እንጨት ነው የሚፈለገው። 38 በ12 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 2.35 ሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ 84 ያስፈልጋል፤ ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ያጋድላል። በበሩ ግራና ቀኝ ለሚገቡት አጫጭሮችና ለሚሰበሩት አስባችሁ 100 አዘጋጁ። እያንዳንዱ 10 ቀዳዳ ይኖረዋል። ከጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር ትታችሁ ጀምሩ፣ ከዚያ በየ25ቱ።

እያንዳንዱን ጣውላ ለየብቻ አትለኩ። አንዱን በጥንቃቄ ለክታችሁ ብሱና እሱን አብነት አድርጉ። ከዚያ አምስት አምስቱን ደርባችሁ አስራችሁ በትራፓኖ ባንድ ጊዜ ብሱ። የ3 ሚሊ ሜትር ስህተት አንድ ጣውላ ላይ ምንም አይመስልም፤ ፍርግርጉ ሲዘረጋ ግን ስህተቱ እየተደመረ ሄዶ ግድግዳው ይጣመማል፣ አንዱ ጎን እምቢ ብሎ ይቆማል።

ከመገጣጠማችሁ በፊት ጠርዙን በሸካራ ወረቀት አለስልሱና ሁለት ጊዜ የእንጨት ዘይት ቀቡ። ከተገጠመ በኋላ መስቀለኛዎቹ ሥር ብሩሽ አይገባም። ጥንት መገጣጠሚያው ጥሬ ቆዳ ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው ቡሎንና ዳዶ ይጠቀማል። እኔ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፖሊስተር ገመድ በቀዳዳው አሳልፌ ከሁለቱም በኩል ቋጠርኩት፤ የቡሎን ራስ ሸራውን ይበላል፣ ልብስም ይይዛል። ወደ 420 መጋጠሚያ አለ፣ አራት ምሽት ፈጀብኝ። የገመዱን ጫፍ በእሳት አቅልጡት፤ አለበለዚያ ይተረተራል።

በዚህ ልክ ሲዘረጋ ከወለሉ እስከ ላይኛው መስቀለኛ 1.63 ሜትር ይሆናል። በሩም ከዚያ አይበልጥም፤ ጎንበስ ብሎ መግባት ነው። ይህ የሚከብዳችሁ ከሆነ ለጣውላው አንድ ቀዳዳ ጨምሩና 2.60 ሜትር አድርጉት፣ ግድግዳው 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ የጣሪያው ስሌት አይለወጥም።

5. ቀለበት፣ ወራጅና መቀነት

ቀለበቱን ከአንድ እንጨት ለማጉበጥ አትታገሉ። ከ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ቅስቶች ቁረጡ፣ ለአንዱ ድርብ ስድስት ቅስት። አራት ድርብ አድርጋችሁ ውሃ በማይፈታው ሙጫ አጣብቁ። የአንዱ ድርብ መጋጠሚያ በሌላው መጋጠሚያ ላይ እንዳይውል እንደ ጡብ አሸጋግሩት። ውፍረቱ 7.2 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 18 ኪሎ ይመጣል። ከውጭ በኩል በየ8.5 ሴንቲ ሜትሩ 44 ቀዳዳ፣ 25 ሚሊ ሜትር ስፋትና 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ በ30 ዲግሪ ወደ ላይ ያዘመመ ይበሳል። ማዘንበያውን በዓይን አትገምቱ፤ በ30 ዲግሪ የተቆረጠ ጉማጅ እንጨት ከትራፓኖው ጎን አስደግፉ። ጥሬው የኮምፔንሳቶ ጠርዝ ውሃ ይጠጣልና ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀቡት።

ለወራጁ 4 በ6 ሴንቲ ሜትር፣ አንጓ የሌለው እንጨት በቂ ነው፤ በረዶ የሚከመርበት አገር ከሆነ አወፍሩት። የላይኛውን ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ እንዲገባ ክብ አድርጋችሁ ጥረቡ። የታችኛውን ጫፍ መቀነቱ ላይ እንዲቀመጥ ጥርስ አውጡለት።

መቀነቱ 5 ሚሊ ሜትር የብረት ገመድ (ካቦ) ይሁን። በየመስቀለኛው አናት ላይ በሚገኘው ሹካ ውስጥ ያልፋል፤ በበሩ ጉበን በኩል ዞሮ ክቡን ይዘጋል። በጉበኑ በኩል ካልተዘጋ ሁለቱ የበር መቃኖች ወደ ጎን ይሳባሉና በሩ አይገጥምም። ጫፎቹን በሚጠብቅና በሚላላ የማጥበቂያ ቡሎን አያይዙ።

ምን ያህል ይሸከማል? በጣሪያው ላይ በአንድ ካሬ ሜትር 100 ኪሎ በረዶ ቢያርፍ፣ ማለትም በድምሩ 2 ቶን ገደማ፣ በዚህ ልክ የተሠራ ዩርት መቀነት ላይ የሚመጣው ውጥረት ወደ 240 ኪሎ ነው። እንዲህ ያለው ካቦ ከ1 ቶን በላይ ይችላል። ስለዚህ ካቦው አይበጠስም፤ የሚያመልጠው ጫፉን የያዘው ማያያዣ ነው። በእያንዳንዱ ጫፍ ቢያንስ ሦስት ማያያዣ አድርጉ።

6. ልባስ

ከውስጥ ወደ ውጭ ሦስት ነገር ይለበሳል። መጀመሪያ ቀጭን የጥጥ ጨርቅ፣ ቀጥሎ የብርድ መከላከያ፣ በመጨረሻም ሸራ። ለብርድ መከላከያ ከበግ ፀጉር ተጠቅጥቆ የተሠራውን ፌልት የሚያህል አላየሁም። ሱፍ ከራሱ ክብደት ሲሶውን ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ ሲዳስሱት እርጥብ አይመስልም፤ ቀን ሲሞቅ መልሶ ይለቀዋል። አንጸባራቂ ፕላስቲክ ርካሽና ቀላል ነው፣ ግን ትንፋሽ አያሳልፍም። ላቡ ከኋላው ተጠራቅሞ ፍርግርጉን ያሻግተዋል።

የጣሪያው ሸራ ሾጣጣ ነው፤ በጠፍጣፋው ሲቆረጥ ደግሞ ቁራሽ የተወሰደበት ክብ ነው። በ30 ዲግሪ ጣሪያ የሚወሰደው ቁራሽ 48 ዲግሪ ነው። ከጫፉ እስከ ግድግዳው 2.89 ሜትር ይመጣል። ለክፈፍ 20 ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ በ3.10 ሜትር ራዲየስ አስምሩ። መሃሉን በ60 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ክፈቱት፤ ቀለበቱን በሚገባ ይደርበዋል። ለጣሪያውና ለግድግዳው ከነስፌቱ 65 ካሬ ሜትር ያህል ሸራ ይወስዳል።

የስፌቱ ድርብ ልክ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የላይኛው በታችኛው ላይ ይረፍ። የጥጥ ክር አትጠቀሙ፤ ፀሐይ የማይበላው የፖሊስተር ክር ይሁን። ቤታችን ባለው ተራ መኪና የሰፋሁት ግድግዳውን ብቻ ነው። ጣሪያውን ስጀምር የሸራው ክምር ጠረጴዛውንም እኔንም ዋጠን፤ ድንኳን ለሚሰፋ ባለሙያ ሰጠሁት።

7. ማቆም

ነፋስ የሌለበት ቀን ጠብቁ። ሦስት ሰው ያስፈልጋል፣ አራት ቢሆን ይሻላል። ትልልቁን ዕቃ፣ አልጋና ምድጃውን፣ ግድግዳው ከመቆሙ በፊት ወለሉ መሃል አስገቡ፤ በዚያ ጠባብ በር በኋላ አይገባም።

በሩን ከነመቃኑ ወለሉ ላይ በቡሎን እሰሩ። ከአንዱ መቃን ጀምራችሁ ፍርግርጉን እንደ አኮርዲዮን እየዘረጋችሁ ዞራችሁ ወደ ሌላኛው ግጠሙት። እዚህ ላይ 1.63 ሜትር ዘንግ ቁረጡና ይዛችሁት ዙሩ። ፍርግርጉ በየትኛውም ቦታ ከዘንጉ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ እየገፋችሁ አስተካክሉ፤ ከፍታው እኩል ከሆነ ክቡም እኩል ነው። ከዚያ መቀነቱን አስገቡና በእጅ እስኪወጠር ብቻ አጥብቁ። ገና አታክርሩት።

አሁን ቀለበቱ ይነሳል። መሃል ላይ ጠንካራ መወጣጫ አቁሙና ሁለት ሰው ከላይ ቀለበቱን ይያዝ። መጀመሪያ አራት ወራጅ ብቻ፣ በመስቀል ቅርጽ ትይዩ ትይዩውን ስኩ። አራቱ ሲገቡ ቀለበቱ በራሱ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ከላይ ያለው ሰው እጁን ሲለቅ የሚሰማው ደስታ ሌላ ነው። የቀሩትንም ምንጊዜም ትይዩ ትይዩውን ሙሉ። በአንድ በኩል ብቻ ከደረደራችሁ ቀለበቱ ይዞርና የገቡትን ሁሉ ነቅሎ ይጥላል። አርባ አራቱም ሲገቡ መቀነቱን አክርሩ፣ ፍርግርጉን ከወለሉ ጋር በየሜትሩ እሰሩ፣ ከዚያ ልባሱን አልብሱ። ሸራው ላይ ዙሪያውን ሁለት ወይም ሦስት ገመድ ይታሰራል። ቀለበቱን በግልጽ የፕላስቲክ ጉልላት ክደኑት፤ የሚከፈትና የሚዘጋ ይሁን።

8. እሳት

ለዚህ ቤት ከ4 እስከ 6 ኪሎዋት የሚሰጥ ትንሽ የእንጨት ምድጃ ይበቃል። ትልቅ ምድጃ ገዝቶ አየሩን አንቆ ማቃጠል ጭስ ማውጫውን በጥላሸት ይደፍነዋል፤ ጥላሸቱ ደግሞ አንድ ሌሊት ይቀጣጠላል።

ነጠላ የቆርቆሮ ቱቦ ከሚቃጠል ነገር ሁሉ 45 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። በሸራው የሚያልፈው ክፍል የግድ ድርብ፣ በውስጡ መከላከያ ያለው መሆን አለበት፤ ለእሱም የአምራቹን ርቀት ጠብቁ። በጣሪያ ወይስ በግድግዳ ይውጣ የሚለው ያከራክራል። በጣሪያ የወጣ ቱቦ ስለሚሞቅ ጭሱን በደንብ ይስባል፣ ግን ጣሪያ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ሁሉ አንድ ቀን ያፈሳል። እኔ በግድግዳ አውጥቼ ውጭ በምሰሶ ደገፍኩት። ጠዋት ቱቦው ቀዝቅዞ ሲያስቸግር ጋዜጣ አንድዶ ማሞቅ አለብኝ፤ እሱን ከፍሳሹ እመርጣለሁ። የቱቦው ጫፍ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ነገር ሁሉ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ፣ ፍንጣሪ የሚይዝ መረብም ይኑረው።

ምድጃውን በብረት ወይም በድንጋይ ንጣፍ ላይ አኑሩት፤ ንጣፉ ከፊቱ 45 ሴንቲ ሜትር ይዘርጋ። ከወለሉ ሥር ለምድጃው ብቻ ንጹህ አየር የሚያስገባ ቱቦ ስጡት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ሳይኖር አንድም ሌሊት አትደሩ። ይህ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፣ ሰውን በእንቅልፉ ይወስዳል። የእሳት ማጥፊያው ቦታ ከምድጃው አጠገብ አይደለም፣ ከበሩ አጠገብ ነው።

እንጨቱ ተፈልጦ ዓመት ያህል የደረቀ ይሁን። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ሲሆን አንድ ኪሎ እንጨት ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። እርጥብ ከሆነ ግን እሳቱ መጀመሪያ የሚሠራው ውሃ ማፍላት ነው።

9. መብራት

የፀሐይ ፓነል ከመግዛታችሁ በፊት የቀን ፍጆታችሁን በወረቀት ጻፉ። አራት ባለ 5 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት 100 ዋት ሰዓት፣ ሁለት ስልክ 30፣ ባለ 60 ዋት ላፕቶፕ ለ4 ሰዓት 240፤ ድምሩ 370 ዋት ሰዓት። በቀን 4 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ካለና ከሚባክነው ተርፎ 70 በመቶው ከደረሰ 132 ዋት ፓነል ይበቃል፤ ደመናውን አስባችሁ 200 ዋት ግዙ። 12.8 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ 1280 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ፀሐይ ባይኖርም ሦስት ቀን ያደርሳችኋል። የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ። ሊቲየሙ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ ስለዚህ ከቤት ውስጥ ይቀመጥ።

ፓነሉን ሸራ ላይ አታስሩ። መሬት ላይ በብረት እግር አቁሙት። ሽቦውን ግን አታቅጥኑ፤ በ12 ቮልት 10 አምፔር 10 ሜትር ሲሄድ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 1.4 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፣ በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ግን 0.6 ቮልት ገደማ። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን። በፍሪጅና በማሞቂያ አትጀምሩ፤ ስሌቱን ሁሉ የሚያፈርሱት እነሱ ናቸው።

10. የሚጠጣ ውሃና መጸዳጃ

በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። ስሌቱ የዩርቱን ጣሪያ እንድትጠቀሙ ይገፋፋል፣ ግን አልመክርም። ክብ ጣሪያ ላይ አሸንዳ መግጠም አታካች ነው፣ ሸራውም ሻጋታ በሚከላከል ኬሚካል የተነከረ ሊሆን ይችላል። ለእንጨት ማከማቻው ቀጥ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥሩና ውሃውን ከዚያ ሰብስቡ። 10 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በ100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከብክነቱ ተርፎ 800 ሊትር ያህል ይሰጣል። ሁለት ሰው በቀን 40 ሊትር ቢጠቀም የ20 ቀን ውሃ ነው። መጀመሪያ የሚወርደው አቧራና የወፍ ኩስ ያለበት ስለሆነ ወደ ውጭ የሚያስቀር ቱቦ አድርጉለት። ለመጠጥ አጣሩት፣ ከዚያም አንድ ደቂቃ ይንተክተክ፤ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሆናችሁ ሦስት ደቂቃ።

ደረቅ መጸዳጃ ቀላል ነው። ሽንቱን የሚለይ መቀመጫ፣ 20 ሊትር ባልዲ፣ የሰጋቱራ ክምር። በተጠቀማችሁ ቁጥር አልብሱት፤ ከሸተተ ሰጋቱራው አንሷል ወይም ሽንት ገብቶበታል። የሞላው ከውኃ ጉድጓድና ከወንዝ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ተከድኖ ከዓመት በላይ ይበስብስ። አትክልት ላይ አታድርጉት፣ ዛፍ ሥር ግን ይሆናል።

11. መኖር

የመጀመሪያው ወር ሁሉ ነገር ይላላል። እንጨቱ ይደርቃል፣ ሸራው ይለጠጣል፣ መቀነቱ ይረግባል። በየሳምንቱ ካቦውን በጣት ግፉት፤ ከተንቀሳቀሰ አጥብቁት።

ሁለት ሰው ተኝቶ ሲያድር ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ በትንፋሽና በላብ ያወጣል። 1 ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል ደግሞ 1.6 ኪሎ ያህል የውሃ ተን ይወጣል፤ ስለዚህ በጋዝ ስታበስሉ ጉልላቱን ጣት ያህል ክፈቱት። ሙቀት እንዳይወጣ ብላችሁ ከዘጋችሁት ጠዋት ጠብታው ፊታችሁ ላይ ይቀሰቅሳችኋል። የታጠበ ልብስ ውስጥ አታስጡ።

ቁም ሣጥን ከክብ ግድግዳ ጋር አይስማማም፤ ከኋላው የሚቀረው ክፍተት የሻጋታ ቤት ነው። ዝቅተኛ ሣጥን አድርጉና ቀሪውን ፍርግርጉ ላይ ስቀሉ፣ ከብርድ መከላከያው ጋር ግን አየር ይለፍበት። ድምፅን በተመለከተ ምንም መድኃኒት የለኝም። ዝናቡ ከበሮ ነው፣ የጎረቤት ውሻ አልጋችሁ ሥር ያለ ይመስላችኋል።

ማዕበል ሲመጣ ጉልላቱን ዝጉ፣ የውጭ ገመዶቹን መሬት ውስጥ ከተተከለ ካስማ ጋር እሰሩ። ሞንጎሎች ከአናቱ ቀለበት ገመድ አውርደው ከባድ ነገር ያንጠለጥሉበታል፤ ነፋሱ ጣሪያውን ወደ ላይ ሲስብ ክብደቱ ወደ ታች ይይዘዋል። እኔ ከቀለበቱ አራት ቦታ ገመድ አውርጄ 20 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን አራት እሰቅላለሁ። ነፋሱ በበረታ ሌሊት ጀሪካኖቹ ቀስ ብለው ከፍ ዝቅ ሲሉ ይታያል፤ ከዚያ ተመልሰው ሲረጉ እኔም እተኛለሁ።